ከሙሚ እስከ ዞምቢ፦ ስምንት ቅዳሜዎች በአንድ የደብረ ማርቆስ ቪዲዮ ቤት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ፊቱን ወደ ኮብልስቶን መንገድ ጀርባውን ወደ ባሕር ዛፍ አጥር የሰጠ አንድ ቪዲዮ ቤት አለ። በሩ ላይ የተጻፈ ስም የለውም፤ ቦታውን የማያውቅ ሰው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የፈንዲሻውን ሽታ ተከትሎ ቢሄድ ይደርስበታል። ይህ ቤት ባለፉት ሁለት ወራት በየቅዳሜው ማታ አንድ አንድ እያለ ስምንት የጭራቅ ፊልሞችን በተከታታይ አሳይቷል። ተራው ከግብፅ ሙሚ (ደርቆ ሳይፈርስ ከቆየ ሬሳ) ይነሣና በኮሪያ ዞምቢ (ከሞት በተነሣ በድን) ያበቃል። የአንድ ማታ መግቢያ 30 ብር ሲሆን ስምንቱን አስቀድሞ ለከፈለ 200 ብር ነበር። እኔ ስምንቱንም ከፍዬ ሰባቱን አይቻለሁ፤ ስለቀረው በቦታው እናገራለሁ። (የፊልሞቹን ዓመታት የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ክፍሉ ስድሳ ሰው ያህል ይይዛል። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አግዳሚዎቹ መደገፊያ የሌላቸው ናቸው፤ ነገር ግን የፊተኞቹ ሦስት ረድፎች ላይ የበግ አጎዛ ስለተነጠፈ ቀድሞ የደረሰ ሰው በምቾት ይቀመጣል። ፊልሙ የሚያርፈው በጨርቅ ላይ ሳይሆን በኖራ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ነው። በግድግዳው መካከል ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ የማናቸውንም ተዋናይ ፊት ለሁለት ይከፍላል። በሩ ደግሞ ማጠፊያው የዛገ በመሆኑ አንድ ሰው በገባ ወይም በወጣ ቁጥር ረዥም ሲቃ ያሰማል። ዝግጅቱ የተካሄደው በጥቅምትና በኅዳር ስለነበር ከጮቄ በኩል የሚመጣው ውርጭ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ይገባል። ጋቢ ሳይዙ መሄድ አይመከርም።

ይህን ቤት ከሌሎች የሚለየው ባለቤቱ ነው። ሰውየው በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ቅኔ ቤት የዋለ፣ በኋላም ትምህርቱን ትቶ በንግድ የተሰማራ ሰው ሲሆን፣ ደንበኞቹ ከግማሽ ቀልድ ከግማሽ አክብሮት «የኔታ» እያሉ ይጠሩታል። ከግድግዳው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማይክሮፎኑን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ፣ ፊልሙን እያየ በአማርኛ ይተርካል። የጭራቅ ፊልም ለምን እንደወደደ ስጠይቀው፣ የተማሪ ጎጆው የቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ የመቃብር ቦታ አጠገብ እንደነበር፣ ስለዚህ ከሙታን ጋር ጎረቤት ሆኖ እንዳደገና ፈረንጆች ከመቃብር ምን ዓይነት ነገር እንደሚያስወጡ ማየት እንደሚያዝናናው ነገረኝ። ከሙታኑ ይልቅ ያስፈራው የነበረው ቁራሽ ሲለምን የሚያባርረው የመንደር ውሻ እንደሆነም ጨመረ።

የቪዲዮ ቤት ትረካ ብዙ ጊዜ ጩኸት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ በአንድ ቪዲዮ ቤት፣ ተራኪው ገና ፊልሙ ሩብ ላይ ሳይደርስ ገዳዩ ማን እንደሆነ በማይክሮፎን ነግሮን፣ የቀረውን አንድ ሰዓት ሰው ሁሉ ቆሎውን እየቆረጠመ በትዝብት አሳልፎታል። የኔታ እንዲህ ዓይነት ጥፋት አይፈጽምም። አንድ ዐረፍተ ነገር ካስፈለገ አንድ ይናገራል፤ ዝምታ ካስፈለገ ማይክሮፎኑን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። በዚህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ዋናው ሥራ ያለው ዝምታው ላይ ስለሆነ፣ ይህን ማወቁ ብቻውን 30 ብሩን ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የ1932ቱ «ሙሚ» ነበር። ሙሚ ሲባል ለአብዛኛው ሰው የሚታየው፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አንድ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ፋሻው የተንዘረፈፈ በድን ነው፤ ያ መልክ ግን የመጣው ከ1940 ጀምሮ በተሠሩት ፊልሞች እንጂ በመነሻው አይደለም። በመነሻው ፊልም ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ በፋሻ ተጠቅልሎ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ወጣት ተመራማሪ ከተቀበረ ሣጥን የወጣውን ጥቅልል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በሹክሹክታ ያነባል። ከበስተኋላው የቆመው ሬሳ ዓይኑን በጥቂቱ ይከፍታል፤ ደረቱ ላይ የተጣመረው ክንዱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ካሜራው ሬሳውን አያሳየንም። ጥቅልሉ ላይ የምታርፍ አንዲት እጅ፣ ቀጥሎም በበሩ በኩል መሬት ለመሬት የምትጎተት የፋሻ ጫፍ ብቻ እናያለን፤ ወጣቱም አእምሮውን ስቶ ይስቃል። በዚያች ደቂቃ የኔታ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ከኋላ ረድፍ ፈንዲሻ የሚያኝክ ሰው እንኳ ማኘኩን ሲያቆም ተሰምቷል።

የዚያች ደቂቃ ጥበብ የመጣው ከየት እንደሆነ ማወቅ ደስታውን ይጨምራል። ዳይሬክተሩ ካርል ፍሮይንድ ከዚያ በፊት በካሜራ ባለሙያነት የታወቀ ሰው ስለነበር፣ ብርሃን የት ማረፍ እንዳለበትና ከምን ላይ መነሣት እንዳለበት ያውቃል። የካርሎፍን ፊትና አካል ያደረቀው የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ሲሆን ሥራው ስምንት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነበር፤ ተዋናዩ የአንድ ቀን ሙሉ የሥራ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያገኘው ጥቅም ለጥቂት ደቂቃ መቆም ነው ማለት ነው። ድርሰቱን የጻፈው ጆን ባልደርስተን ደግሞ የጥንቱ የግብፅ ፈርዖን የቱታንክአሙን መቃብር በተከፈተ ጊዜ ስለ ጉዳዩ የዘገበ ጋዜጠኛ ነበር። መቃብሩ የተገኘው በኅዳር 1922 ነው። የቁፋሮውን ወጪ የሸፈነው ሎርድ ካርናርቮን በሚያዝያ 1923 በትንኝ ንክሻ በመጣ መመረዝ ሲሞት፣ ጋዜጦቹ ሁሉ የፈርዖን እርግማን ነው ብለው ጻፉ። መቃብሩን ያገኘው ሃዋርድ ካርተር እስከ 1939 መኖሩን የሚያስታውስ ግን አልነበረም። የሙሚ ፊልም የተወለደው ከዚህ የጋዜጣ ወሬ ነው።

የኔታ በዚያ ማታ የተናገረው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ሙሚው ከሣጥኑ ውስጥ ቆሞ ሲታይ፣ «ይህ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን የጠጣው ውኃ ከእኛው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሄደ ነው፤ እንደ ዘመድ ተመልከቱት» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። የጥንት ግብፆች ሬሳ ያደርቁ የነበረው ናትሮን በሚባል ጨው ሲሆን ሥርዓቱ በጠቅላላ 70 ቀን ይወስድ ነበር፤ አንጎሉን በአፍንጫ በኩል ያወጡት፣ ልብን ግን የሰው ማስተዋል ያለው እዚያ ነው ብለው ስለሚያምኑ በቦታው ይተዉት ነበር። ለሥርዓቱ የሚያስፈልገውን ከርቤና ዕጣን የሚያስመጡት ፑንት ከሚሏት ምድር ነበር፤ ብዙ አጥኚዎች ይህችን ምድር በቀይ ባሕር ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ ይፈልጓታል። ለጎጃም ሰው ደግሞ ያልፈረሰ ሬሳ እንግዳ ወሬ አይደለም። ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ የቀደሙ ነገሥታት አስከሬን በመስታወት ሣጥን እንደተጠበቀ በአካባቢው የሚታወቅ ነው፤ ሰውም የሚያያቸው በፍርሃት ሳይሆን በአክብሮት ነው። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ፈረንጅ የሰው አያት ከመቃብር አውጥቶ ሙዚየም ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ አያትየው ሲነሣበት ለምን እንደሚደነግጥ አልገባኝም አሉ። ከዚህ የተሻለ የፊልም ሒስ በዚያ ማታ አልሰማሁም።

በሁለተኛው ቅዳሜ የቀረበው የ1999ኙ ሙሚ ሲሆን፣ ከተዋናዮቹ ከብሬንዳን ፍሬዘርና ከሬቸል ዋይዝ ጋር አሸዋው የሚበጠበጥበት፣ ከፍርሃቱ ሳቁ የሚበልጥ ፊልም ነው። ወጣቱ ሁሉ የወደደው ይህንን ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ፣ ነገር ግን የፊተኛው ሳምንት የፋሻ ጫፍ ያስፈራኝን ያህል በሺህ የሚቆጠሩት ጥንዚዛዎች አላስፈሩኝም። ጥንዚዛዎቹ የሰው ሥጋ ይበላሉ መባሉ ደግሞ ስም ማጥፋት ነው፤ የግብፆቹ ቅዱስ ጥንዚዛ እበት እያንከባለለ የሚኖር ትሑት ፍጡር ነው። ከዚህ የባሰው የኢምሆቴፕ ነገር ነው። በ1932ቱም ሆነ በ1999ኙ ፊልም የክፉው ካህን ስም ኢምሆቴፕ ሲሆን፣ የታሪኩ ኢምሆቴፕ ግን በሳቃራ ለንጉሥ ጆሰር የደረጃ ፒራሚድ የሠራ ጠቢብ፣ ከሞተም በኋላ ግብፆች እንደ ፈውስ አምላክ ያከበሩት ሰው ነው። ስመ ጥሩን ሰው ሁለት ጊዜ አስነሥቶ ሁለት ጊዜ ሌባና አሳዳጅ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። የኔታም ይህን አንሥቶ ቢነግረን መልካም ነበር፤ በዚያ ማታ ግን በሳቁ ተወስዶ ትረካውን ለተመልካቹ ለቀቀው።

የ1931ዱን «ፍራንከንስታይን» በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ፊልሙ ስላነሰ ሳይሆን ቅጂው ስለደከመ ነው። ከሬሳ ቁራጮች የተሠራው ፍጡር ስም እንደሌለውና ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም መሆኑን የኔታ መጀመሪያ ላይ በትክክል አስረድቷል፤ በሜሪ ሼሊ የ1818 መጽሐፍ ፍጡሩ አንደበተ ርቱዕ ሲሆን በፊልሙ ግን ከማቃሰት በቀር እንደማይናገርም አክሏል። በሐይቅ ዳር ከሕፃኗ ጋር አበባ የሚወረውርበት ትዕይንት በዘመኑ ሳንሱር ተቆርጦ እንደነበር ይታወቃል፤ እኛ ያየነው ቅጂ ሙሉው ነበር፣ ነገር ግን ምስሉ ከመደብዘዙ የተነሣ ከጉም ውስጥ የሚመለከቱት ያህል ነበር። የግድግዳው ስንጥቅ ብቻ በዚያ ማታ ጠቀመ፤ በፍጡሩ ግንባር ላይ ባለው ስፌት ላይ በትክክል ገጥሞ ስለነበር ብዙ ሰው የፊልሙ አካል መስሎታል።

በአራተኛው ቅዳሜ የጃፓኑ የ1954 «ጎድዚላ» ሊጀምር ሲል መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሃያ ደቂቃ ያህል በጨለማ ተቀመጥን፤ የኔታም ጊዜውን አላባከነውም። በዚያው ዓመት በመጋቢት አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች ያፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ አመድ አንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ እንደወረደና መርከበኞቹን እንደመረዛቸው፣ ፊልሙም በዚያው ዓመት በኅዳር እንደወጣ ነገረን። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከተመቱ ገና ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ስለዚህ ከባሕር የሚወጣው አውሬ ከተማ ሲያቃጥል ያዩት የጃፓን ተመልካቾች ያዩት ተረት አልነበረም። ይህን ሰምተን ስንጨርስ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ፊልሙን ሌላ ሰው ሆነን አየነው።

የአውሬው ጩኸት እንዴት እንደተሠራ ደግሞ ለማሲንቆ አገር ሰው የሚጥም ታሪክ ነው። የሙዚቃ ደራሲው አኪራ ኢፉኩቤ የቆዳ ጓንት ሙጫ አስነክቶ ደብል ባስ በሚባል ትልቅ ማሲንቆ መሰል መሣሪያ የላሉ ጅማቶች ላይ እየጎተተ ያወጣው ድምፅ ነው፤ የኛ አዝማሪ ጭራውን ሙጫ እንደሚያስነካው ማለት ነው። ጎድዚላውም ኮምፒውተር የፈጠረው ሳይሆን ሀሩዎ ናካጂማ የተባለ ተዋናይ 100 ኪሎ ገደማ በሚመዝን የጎማ ልብስ ውስጥ ገብቶ በትናንሽ የቤት ሞዴሎች ላይ እየተራመደ የሠራው ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ አካሄዱን ተመልከቱት፤ ክብደቱ የማስመሰል አይደለም። የጄኔሬተሩ ጉርምርምታ ድምፁን በከፊል መዋጡ ግን ያሳዝናል። ባለቤቱ ጄኔሬተሩን ከአጥሩ ማዶ ማራቅ አለበት።

ዞምቢዎቹ የመጡት በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ የዝግጅቱ ልብም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የኔታ ከሳምንት በኋላ ባሳየው በ1968ቱ የዞምቢ ፊልም ቢጀምር ማንም አይወቅሰውም ነበር፣ እርሱ ግን ወደ ኋላ ሄዶ በ1932 በተሠራውና ቤላ ሉጎሲ በተጫወተበት «ነጩ ዞምቢ» ጀመረ። ፊልሙ ያረጀ፣ ትወናው በብዙ ቦታ የደረቀ ነው። ነገር ግን አንድ ትዕይንት አለው፦ በሄይቲ አንድ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ ከሞት የተነሡ ሰዎች ዓይናቸው ፈዞ ወፍጮውን ይገፋሉ፤ አንዱ ተንሸራቶ ወፍጮው ውስጥ ይወድቃል፣ ሌሎቹም ዞር ብለው ሳያዩ መግፋታቸውን ይቀጥላሉ። ድምፁ የእንጨት ሲቃ ብቻ ነው። የሄይቲ ሰዎች አያቶቻቸው በፈረንሳይ የሸንኮራ እርሻ በባርነት የማቀቁ፣ ከ1791 እስከ 1804 ተዋግተው ነፃ የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ በእነርሱ ተረት አስፈሪው ነገር ዞምቢ ሰው መብላቱ አይደለም፣ ሞት እንኳ ከሥራ አያሳርፍም የሚለው ነው። ፊልሙ ሲሠራ ደግሞ አገሪቱ ከ1915 ጀምሮ በአሜሪካ ጦር እንደተያዘች ነበረች፤ ወሬው ወደ ሆሊውድ የተሻገረውም በዚያ ዘመን ነው።

ወፍጮው በግድግዳው ላይ ሲዞር፣ ቡና የሚያፈሉት የየኔታ አማት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ፣ «ኧረ በስመ አብ፣ ይኼማ የቡዳ ሥራ ነው!» አሉ። ቤቱም ወዲያው ተስማማ። እኔም አያቴ የምትነግረን ትዝ አለኝ፦ ቡዳ የበላውን ሰው ከተቀበረ በኋላ ሌሊት ሄዶ ከመቃብር ያወጣዋል፣ አስነሥቶም በቤቱ ሰባት ዓመት አፍ የሌለው አገልጋይ ያደርገዋል፣ እንግዳ ሲመጣ በበትር መታ አድርጎ የቤት ዕቃ አስመስሎ ያስቀምጠዋል ይባላል። ከሄይቲ እስከ ጎጃም ስንት ባሕር እንዳለ እያሰብኩ ተገረምኩ። ልዩነቱን ግን መሸፈን አይገባም። የሄይቲው ተረት የሚያዝነው ለተነሣው ሰው ነው፤ የእኛው ተረት ግን ጣቱን በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪዋና በፋቂው ላይ ቀስሮ፣ ማረሻ የሚሠራልንንና ምጣድ የምታቀርብልንን ሰው ስንት ዘመን ሲያስገልል ኖሯል። እማማም ይህን የተረዱ ይመስላሉ፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ቡና ሲያቀርቡልን፣ ጀበናውን የገዙት ከማን እንደሆነ ስም ጠርተው «እጇ ይባረክ» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ከሳምንት በኋላ የቀረበው የዳይሬክተሩ የጆርጅ ሮሜሮ የ1968 «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ከስምንቱ ሁሉ ያስበለጥኩት ነው። በአሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ አካባቢ በ114,000 ዶላር ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ፊልም ሲሆን፣ ደሙ የቸኮላት ሽሮፕ ነው። በፊልሙ ውስጥ «ዞምቢ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይነገርም፤ ቃሉን የለጠፈባቸው ተመልካቹ ነው። ከዚህ በኋላ ዞምቢ ጌታ የሌለው፣ ማንም የማያዝዘው፣ ሰው የሚበላ፣ የነከሰውንም እንደ ራሱ የሚያደርግ ሆነ፤ ባሪያው ጠፍቶ መንጋው መጣ። ሰባት ሰዎች በአንድ የገጠር ቤት ተከበው መስኮቱን በሳንቃ ይመታሉ፣ ምድር ቤት እንውረድ አንውረድ እያሉም ይጣላሉ። ሙታኑ የሚገቡት ሳንቃው ስለደከመ ብቻ ሳይሆን የውስጡ ሰው ስላልተስማማ ጭምር ነው። ዋናውን ሰው የተጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ፊልሙ የወጣው የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት መጸው ላይ ነው። ሌሊቱን ብቻውን ተርፎ ሲነጋ፣ ሊያድኑ የመጡት ነጮች ከሩቅ አይተው ከሙታኑ አንዱ ነው ብለው በጥይት ይመቱታል።

የኔታ እዚህ ላይ ያደረገውን ሳላመሰግን አላልፍም። ተኩሱ ሲሰማ፣ ሳይተረጉም፣ «ሞተ» ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ለሚመጡት የቆሙ ፎቶግራፎች አንድ ቃል አልጨመረም። መብራቱን ሲያበራ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ፣ «ይህስ ተረት አይደለም፣ የኔታ» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

ነገር ግን በዚያው ማታ የዚህን ቤት ትልቁን ጉድለትም አይቻለሁ። ሰባት ዓመት የማይሞላው ልጅ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ገብቶ፣ በፊልሙ ውስጥ ሕፃኗ እናቷን በመኮተኮቻ ስትገድል ሲያይ ጮኸ። የኔታ ራሱ አቅፎ ወደ ሻይ ቤቱ ወስዶ ዳቦ ገዝቶለታል፤ ቅንነቱን አደንቃለሁ፣ ሆኖም ልጁ መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረበትም። ትኬት የሚቆርጠው ወጣት ፊት አይቶ የሚመልስበት ሥርዓት መኖር አለበት። ሌላው የመብት ጉዳይ ነው። የ1968ቱ ፊልም ርዕሱ ሲቀየር የባለመብትነት ማስታወቂያው ሳይገባ በመቅረቱ በአሜሪካ የሕዝብ ንብረት ሆኗል፣ ስለዚህ ማንም ቢያሳየው ነውር የለበትም፤ ስለ አዲሶቹ ፈቃድ ስጠይቀው ግን የኔታ ወሬውን ወደ ፈንዲሻው ዋጋ አዞረው። ዋጋው 10 ብር ነው፤ ጨው ይበዛበታል።

ሰባተኛው ቅዳሜ በገበያ አዳራሽ ውስጥ የሚሆነው የ1978ቱ የሮሜሮ ፊልም ነበር። በዚያ ቀን ለቅሶ ስለነበረብኝ አላየሁትም፤ ከእውነተኛ ሬሳ ቤት ተነሥቶ የሙታን ፊልም ለማየት መሄድ በእኛ አገር ደግ አይደለም። የሄዱት እንደነገሩኝ ድምፁ ጥሩ፣ ትረካው ግን የበዛ ነበር።

በመጨረሻው ቅዳሜ የቀረበው የ2016ቱ የደቡብ ኮሪያ «ባቡር ወደ ቡሳን» ነው። ከ2002 በኋላ በተሠሩ ብዙ ፊልሞች ዞምቢ ቀርፋፋነቱን ትቶ ይሮጣል፤ በዚህ ፊልም ደግሞ የሚሮጠው ከሴኡል በተነሣ ፈጣን ባቡር ውስጥ፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ነው። ከሥራው በቀር ልጁን አይቶ የማያውቅ አባት፣ ልጁን ወደ እናቷ ሊያደርስ ተሳፍሯል። ባቡር ተሳፍሮ የማያውቀው የአዳራሹ ሰው ነገሩን ወዲያው ወደ አውቶቡስ ተረጎመው፦ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃን በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ አንድ የተነከሰ ሰው ቢኖር በየትኛው መስኮት ትወጣለህ? ክርክሩ ፊልሙ ካለቀ በኋላ በሻይ ቤቱ እስከ ሦስት ሰዓት ቀጠለ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በፊልሙ ውስጥ የተረፉት ሰዎች ያልተነከሱትን በሩን ዘግተው ከሚያባርሩበት ትዕይንት በላይ ያስፈራት እንደሌለ ስትናገር፣ እማማ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው» አሏት። እኔ በበኩሌ ከሙሚው የፋሻ ጫፍ ጀምሮ ስምንት ሳምንት በተራ መሄዱ ያገለገለው እዚህ ላይ መሆኑን አየሁ። ይህን ፊልም ከሁለት ዓመት በፊት በስልኬ ብቻዬን አይቼው ነበርና ያኔ ያስደነገጠኝ ሩጫው ብቻ ነበር።

ለሚሄዱ ሰዎች ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ፊልሙ ይጀምራል ከተባለበት ሰዓት ሁልጊዜ ሩብ ሰዓት ይዘገያል። የግርጌ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ግድግዳው ዝቅ ያለ በመሆኑ ከአራተኛው ረድፍ ወደ ኋላ አያነብም። ቡናው ጥሩ ነው፣ ሻዩ ከዚያ ያነሰ። መጸዳጃው ከባሕር ዛፉ ማዶ፣ መብራት በሌለበት ቦታ ነው፤ በዞምቢዎቹ ሳምንታት ከአምስት ሰው ባነሰ ቡድን የሄደ አላየሁም። መንደሩ ውስጥ ጅብ ስለሚጮህ ሲመለሱ ባጃጅ አስቀድሞ መቅጠር ይሻላል፤ ጅቡ የትኛውንም ፊልም ስላላየ አካሄዱ ቀርፋፋ አይደለም።

ከጥምቀት በኋላ ሰው ወደ ተኩላ የሚለወጥባቸው ፊልሞች እንደሚጀምሩ የኔታ ነግሮኛል፤ በትረካው ግን ተኩላውን ጅብ ብሎ ሊተረጉም አስቧል፤ እኔም አልተቃወምኩም። 200 ብሬን ከፍያለሁ፣ ከፊተኛው ረድፍም አጎዛ ያለበትን ቦታ ይዣለሁ። የጄኔሬተሩን ቦታ ለመለወጥና ለልጆች መግቢያ ዕድሜ ለመወሰን ቃል ገብቶልኛል። የበሩን ማጠፊያ ዘይት እንዲያስነካው ስጠይቀው ግን፣ ያ ድምፅ ከትኬቱ ዋጋ ውስጥ ነው ብሎ እምቢ አለኝ።